ቅርንፉድ በናኖ የትንኝ እጭ ይፈጃል ብዬ ጽፌ 40 መልስ መጣብኝ (ክሩን ላላነበባችሁ)

ክሩ ረዝሟል፣ መሀል ላይም ሰው ተጣልቷል፣ አዲስ የሚገባው ሁሉ ደሞ መልስ 2 ላይ ተጠይቆ ያለቀውን ነገር እንደገና ይጠይቃል። ከፋቹ እኔው ስለሆንኩ ከላይ እስከ ታች የተባባልነውን በራሴ አነጋገር ልተርክላችሁ። የማንንም ጽሑፍ ቀድቼ አልለጥፍም፣ መልሱንም መላሹንም በቁጥሩ እየጠራሁ ነው የምሄደው። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም፣ ልደብቅ ብልም መልስ 7 አላስደበቀኝም።

መነሻው ፖስት (የኔ)

የጻፍኩት ባጭሩ ይሄ ነበር። የቅርንፉድ ኤሴንሻል ኦይል (ከተክሉ የሚወጣው ሽታ ያለው ዘይት) ወሰድኩ፣ ትዊን 80 ከሚባለው ሰርፋክታንት (ዘይትና ውሃ የሚያዋህድ ሳሙና መሳይ ነገር) ጋር ደባለቅኩት፣ ውሃ ጨመርኩበት፣ ከዛ የአልትራሶኒክ መሳሪያውን ዘንግ አስገብቼ አስጮህኩት። መጀመሪያ ወተት ነው የሚመስለው፣ ከዛ እየሳሳ እየሳሳ ይሄድና መጨረሻ ላይ ወደ መብራት ከፍ ስታደርጉት ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊ ነገር የሚያሳይ የጠራ ፈሳሽ ይሆናል። እውነት ለመናገር እሱን ሳይ ነው ልቤ የጠፋው። ጠብታዎቹ ከብርሃን ሞገድ በጣም ስላነሱ ነው እንደዛ የሚያሳየው፣ ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ውስጥ ናቸው፣ ናኖ የምለውም ይሄን ነው፣ የሰው ጸጉር ውፍረቱ 80,000 ናኖሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት። ከሱ ኤደስ ኢጂፕቲ የምትባለው ትንኝ እጭ ያለበት ኩባያ ውስጥ ጠብ አደረግኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ስመጣ ሁሉም ኩባያው ስር ተዘርረዋል፣ ንቅንቅ የሚል የለም።

እዚህ ጋ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት። ቀጠልኩ። ፓይሬትሮይድ የሚባለውን መግደያ ትንኞቹ በየቦታው ለምደውታል፣ ኤደስ ዴንጊ፣ ዚካ፣ ቺኩንጉንያና ቢጫ ወባ ታስተላልፋለች፣ አኖፌለስ በምትባለው ትንኝ በኩል የሚመጣው ወባ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 597,000 ሰው ገድሏል፣ መፍትሔው ተክል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ለምን ሥራ ላይ አይውልም፣ የኬሚካል ካምፓኒዎች አፍነውት ካልሆነ በቀር ብዬ ደመደምኩ። የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም አልኩ፣ ዘይት ናኖ ሲሆን ጉልበቱ ይጨምራል ብዬም ጻፍኩ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

መልስ 1 እስከ 6

1 ምርቃት ብቻ ነው፣ አሜን ብያለሁ።

2 በጣም ጨዋ ሰው ነው፣ እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ዘይቱን እንዲሁ ውሃው ላይ ማፍሰስ እያለ ናኖው ምን ይጨምራል ነው ጥያቄው። የመለስኩለት፣ ዘይት ውሃ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፣ ቶሎም ተንኖ ያልቃል፣ በናኖ ጠብታ ሲሆን ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ይበተናል፣ እጮቹ ደሞ ውሃውን እያጣሩ ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ አብረው ይውጡታል። ሌላም መንገድ አለ አልኩት፣ ካፕሱል ማድረግ። ለምሳሌ ካይቶሳን ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሰራ ነገር ነው፣ ትሪፖሊፎስፌት የሚባል ጨው ሲያገኝ ይኮማተርና ጥቃቅን ኳስ ይሆናል፣ ዘይቱን ውስጡ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ሲሊካም አለ፣ ከስብ የሚሰራ ቅንጣትም አለ፣ ሳይክሎዴክስትሪንም አለ። መልሴ በጥቅሉ ደህና ነበር፣ ከአንድ ነገር በቀር፣ እሷን ራሴ አላየኋትም፣ እስከ 38 ድረስም ማንም አላየም።

3 እናት ናት። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አላት፣ ይሄን ነገር እጁና እግሩ ላይ ብቀባው ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ስለ እጭ እያወራሁ ሰው ስለ ልጁ ገላ እንደሚያስብ ፈጽሞ አልመጣልኝም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማባረርና መግደል ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ።

ደግነቱ 4 ቀደመኝ። ፋርማሲስት ይመስለኛል፣ አነጋገሯ እንደዛ ነው። ንጹህ ኤሴንሻል ኦይል ሕፃን ላይ እንዳይቀባ፣ ቆዳ እንደሚያቃጥል፣ አንዳንዱ ደሞ ልጅ ከዋጠው እንደ ባህር ዛፍ ዘይት ያለው እስከ መንቀጥቀጥ እንደሚያደርስ አስረዳች። ከዛ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ነገረችን፣ የሎሚ ሽታ ካለው ባህር ዛፍ የሚገኘውና የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ከሚያምንባቸው ማባረሪያዎች አንዱ የሆነው ነገር ጥሬው ዘይት አይደለም፣ ፒኤምዲ የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛበት ተደርጎ የተሰራ ነው፣ እሱም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይባልም። አጎበር ውስጥ ታስተኛው ብላ ጨረሰች።

5 በሲትሮኔላ (ሽታ ያለው የሳር ዘይት) የተነከረ የእጅ አምባር አድርጎ ዓመቱን ሙሉ አልተነደፍኩም አለ። 6 መጥቶ ልኩን ነገረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ሙከራ አለ፣ ሰዎች እጃቸውን ትንኝ ያለበት ሳጥን ውስጥ እየከተቱ የመጀመሪያዋ ንድፊያ ድረስ ደቂቃ የተቆጠረበት። 23.8 በመቶ ዲት የሚባለው ማባረሪያ ያለበት ቅባት 5 ሰዓት ገደማ ሲይዝ ከተክል የተሰሩት አብዛኞቹ 20 ደቂቃ እንኳን አልሞሉም፣ አምባሮቹ ደሞ ደቂቃም አልቆዩ። 5 ከዛ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

መልስ 7 እና የተከተለው

7 አንድ መስመር ነው። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። መቆጣጠሪያው ኩባያ (ለማወዳደር ዘይቱ ያልገባበት) ውስጥ ምን እንደነበር ጠየቀኝ።

ውሃ ነበረ። ባዶ ውሃ። ጥያቄውን እንዳየሁት ነው ሆዴ ቡጭ ያለው፣ ግን ሰው ፊት ነው፣ የ1ን ምርቃት የተቀበልኩት ገና አሁን ነው። ስለዚህ 8 ላይ መቆጣጠሪያው ደህና ነበር፣ አንድም አልሞተበትም ብዬ አለፍኩ። ውሸት አይደለም፣ ባዶ ውሃ ማንን ይገድላል።

ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የኤደስ እጭ የምትተነፍሰው ቂጧ ላይ ባለች ቱቦ ነው፣ ቱቦዋን ከውሃው ፊት ላይ ሰክታ ጭንቅላቷን ወደታች አድርጋ ትንጠለጠላለች። የምትንጠለጠለውም የውሃው ፊት እንደ ቆዳ ስለሚወጠር ነው። ትዊን 80 ደሞ ሰርፋክታንት ነው፣ ሥራው ያንን ውጥረት ማላላት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ባይኖርም ሳሙናው ብቻውን የተወሰነውን ሊያሰጥም ይችላል። እኔ ደሞ ለ1 እጅ ዘይት 3 እጅ ትዊን ነበር የተጠቀምኩት። እዛ ኩባያ ስር የተዘረሩት ስንቱ በቅርንፉድ፣ ስንቱ በሳሙና እንደሞቱ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

9 ለኔ ጥብቅና ቆመ፣ በጣም ቆመ። 7ን ምቀኛ ነው አለው፣ ሰው ሲሰራ አይናችሁ ደም ይለብሳል አለ፣ ሌላም ሌላም። አንዳንዴ ወዳጅ ከጠላት ይከፋል፣ እኔ ትክክል እንዳልሆንኩ እያወቅኩ እሱ ስለኔ ሲሳደብ መቀመጥ እንዴት እንደሚያሳፍር።

10 ይሄ ሁሉ አዲስ አይደለም፣ የቅጠል ጭማቂ ከብር ጨው ጋር ሲቀላቀል ቡናማ ይሆንና ናኖ ይሰራል፣ እኛም ሰርተነዋል አለ። 11 ጨዋ በሆነ መንገድ አስተካከለው። የብር ናኖ ሌላ ነገር ነው፣ እዛ ላይ ተክሉ የሚያገለግለው የብሩን አዮን ወደ ብረትነት ለመመለስ ነው፣ የሚገድለውም በዋናነት ብሩ ነው፣ ብር ደሞ ውሃ ውስጥ ላሉ ነፍሳት ሁሉ መርዝ ነው፣ ተንኖም አይጠፋም። እዚህ የምናወራው ዘይት ስለተሸከመ ቅንጣት ነው። አረንጓዴ ናኖ የሚባለው ስም ሁለቱንም ስለሚያቅፍ ሰው ይምታታበታል። ይሄ መልስ ጥሩ ነበር፣ 2 ሰው ብቻ ነው የወደደለት፣ 9 ግን ስድቡን 14 ሰው ወዶለታል። ምን ይደረግ።

መልስ 12 እስከ 18

12 በ6 ላይ ተነሳ። እንዴት ዲዲቲን ለሰው ገላ ትመክራለህ፣ አሞራ የጨረሰ መርዝ ነው ብሎ ጮኸ። 13 ሳቁን እየያዘ ነው የመለሰለት መሰለኝ። ዲትና ዲዲቲ ስማቸው እንጂ ሌላ ዝምድና የላቸውም። ዲት ማባረሪያ ነው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ለወታደር የሰጠው፣ ከ1957 ጀምሮ ለሕዝብ የተፈቀደ። ዲዲቲ ነፍሳት ገዳይ ነው፣ ፖል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1939 መግደሉን ያገኘውና በ1948 ኖቤል የተሸለመበት። 12 ይቅርታ ጠየቀ፣ ከልቡ ነው የጠየቀው፣ በዚህ ክር ይቅርታ የጠየቀ እሱ የመጀመሪያው ነው።

14 ደሞ የክሩን ሁሉ አቅጣጫ ለወጠው። ሰዎች ተክል ተክል ስትሉ ፓይሬትሮይድ ከየት የመጣ ይመስላችኋል አለ። ፓይሬትረም ከነጭ አበባ ነው የሚወጣው፣ የክሪሳንተመም ዘመድ ከሆነ አበባ፣ እነ ፐርሜትሪን የሱን ሞለኪውል እያዩ በላብራቶሪ የተሰሩ ልጆቹ ናቸው። የተፈጥሮ መሆኑ ትንኟን ከመልመድ አላገዳትም፣ የነርቭ በሯን ቅርጽ ለወጠች፣ መርዝ ሰባሪ ኢንዛይሟን አበዛች፣ አለቀ። ስለዚህ ቅርንፉድም ቢሆን በየቀኑ ከረጨኸው አንድ ቀን ይለመዳል ነው ያለው። እኔ ዘይት ብዙ ንጥረ ነገር ስላለው አይለመድም የሚለውን ልጽፍ ነበር፣ የቅርንፉድ ዘይት ግን ከ70 እስከ 90 በመቶው ዩጂኖል የሚባል አንድ ንጥረ ነገር ብቻ መሆኑ ትዝ አለኝና ተውኩት።

15 የ14 ተከታይ ነው፣ ከሁሉም መልስ እኔ የወደድኩት ይሄን ነው። አሁን አጎበር ውስጥ ከፓይሬትሮይዱ ጋር የሚደባለቀው ፒቢኦ የሚባል ነገር አለ፣ ብቻውን አይገድልም፣ ያንን መርዝ ሰባሪ ኢንዛይም ነው የሚይዘው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መልመድ ላለበት ቦታ እንዲህ ያለውን አጎበር ደግፎታል። ፒቢኦ መጀመሪያ ከምን ተሰራ? ከሳፍሮል። ሳፍሮል ደሞ የሳሳፍራስ ኤሴንሻል ኦይል ዋና ንጥረ ነገር ነው። እኛ ዘይት ከኬሚካል ጋር እናጣላለን፣ እነሱ አንድ አጎበር ላይ ከተጋቡ ቆይተዋል።

16 አልትራሶኒክ የሚለውን ቃል ይዞ መጣ። ስልኩ ላይ ትንኝ የሚያባርር የድምፅ አፕ ጭኗል፣ የኔ መሳሪያ ከሱ ይበልጣል ወይ ይጠይቃል። ኧረ በፈጣሪ። የኔ መሳሪያ ዘይት ይፈጫል፣ ትንኝ አያባርርም፣ አፑም አያባርርም፣ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 የመስክ ሙከራዎቹን ሰብስቦ አይቶ ምንም ጥቅም አላገኘበትም። 17 እና 18 ቀልድ ናቸው፣ አልፋቸዋለሁ፣ የ18ቱ ግን አስቆኛል።

የሂሳቡ ጠብ፣ 19 እስከ 22

19 ካልኩሌተር ይዞ መጣ። የዘይት ናኖኢሙልሽን (እንደኔው ውሃ ውስጥ የተበተነ ጥቃቅን ጠብታ) በላብራቶሪ ግማሹን እጭ የሚገድልበት መጠን ብዙ ጊዜ በሊትር አስር ቤት ሚሊግራሞች ነው፣ 30 እንበል አለ። 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 6 ግራም ዘይት መሆኑ ነው፣ በኔ አሠራር ደሞ 18 ግራም ትዊን አብሮ ይገባል። ቴሜፎስ የሚባለው የእጭ መግደያ ኬሚካል በሊትር 1 ሚሊግራም ነው የሚገባው፣ ለበርሜሉ 200 ሚሊግራም፣ ማለት 1 በመቶ የሆነው አሸዋ መሳዩ 20 ግራም፣ ያውም ለሳምንታት የሚቆይ። እሺ በርሜልስ ይሁን፣ ወደ ሩዝ ማሳ ሂዱ አለ፣ 1 ሄክታር ላይ 10 ሳንቲሜትር ውሃ ቢተኛ 1 ሚሊዮን ሊትር ነው፣ በ30 ሚሊግራም 30 ኪሎ ንጹህ ዘይት። ብዙ ተክል ከመቶው አንዱን እንኳን ዘይት አድርጎ አይሰጥም፣ ስለዚህ ለአንድ ማሳ አንድ ዙር 3,000 ኪሎ ተክል ልታፈላ ነው። ያውም ግማሹን ብቻ ለመግደል።

20 ላይ እኔ ተናደድኩ። ቅርንፉድ ከ10 በመቶ በላይ ዘይት ይሰጣል፣ ሂሳቡ ለኔ ተክል አይሰራም ብዬ መለስኩ። ትክክል ነበርኩ፣ አመላለሴ ግን ትክክል አልነበረም፣ መቀመጫው ላይ ተቀምጦ የሰው ሥራ የሚያጣጥል ምናምን ብያለሁ። 21 ላይ 19 ተመለሰ፣ እስከዛ እርስዎ ሲለኝ የነበረው ሰው አሁን አንተ ሆንኩ። አንተ ራስህ 6 ግራም ቅርንፉድ የገባበትን ውሃ ትጠጣለህ ወይ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶ ማን ከዛ በርሜል ይቀዳል አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። 22 አስተዳዳሪው ናቸው፣ ሁለታችንንም በትህትና ገሠጹን፣ አንድ የ9 መልስም አጠፉ። የጠፋችው ቁጥር የላትም፣ የናፈቃትም የለም።

23 እስከ 30

23 መስክ ላይ የሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንቱ ነው የምላቸው፣ ሌሎቹም እንደዛው። ኩባያ ውስጥ ያለ የተጣራ ውሃና ቅጠል የበሰበሰበት ኩሬ አንድ አይደሉም አሉ፣ ዘይቱ ደለሉና ብስባሹ ላይ እየተለጠፈ ለእጩ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ፀሐዩም አለ፣ ዝናቡም አለ። ደሞ የኤደስ እንቁላል በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ደርቆ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል፣ ስለዚህ ዛሬ ያለውን ሁሉ ብትገድለው ከሳምንት በኋላ ሌላ ይመጣል። ዋናው ጥያቄ ስንት ገደለ ሳይሆን ስንት ቀን ቆየ ነው። ማወዳደር ከፈለግክ ከቢቲአይ ጋር አወዳድር አሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ኔጌቭ በረሃ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ፣ እጩ ሲውጠው አንጀቱን ይበሳዋል፣ ዓሣውን አይነካም። ከሱ የሚሻል ነገር አለኝ ካልክ ያኔ እንሰማሃለን። ተቆጥተው አይደለም፣ እንደ አባት ነው የተናገሩት፣ በዛ ላይ ነው የከበደኝ።

24 ስለ ዓሣና ዳፍኒያ ስለምትባለው ትንሽዬ የውሃ ፍጥረት ጨመረበት፣ ውሃውን ሁሉ እኩል የሚያዳርስ ናኖ ጠብታ ለእጩ ብቻ አይዳረስም፣ ዳፍኒያም እያጣራች ነው የምትበላው። የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም የሚለውን አባባል ከመነሻው ፖስት እንዳነሳ ጠየቀኝ፣ አነሳሁ።

25፣ 26፣ 27 ስለ ድመት ናቸው። አንዷ ለድመቷ ቁንጫ የሻይ ዛፍ ዘይት ቀብታ ድመቷ መራመድ አቅቷት ሐኪም ጋ እንደሄደች አወራች፣ ሁለቱ ስለ ድመቷ ጤንነት ጠየቁ። ድናለች። ከርዕሱ ወጥቷል ግን አስተዳዳሪውም አላጠፉትም፣ የሻይ ዛፍ ዘይት ለድመት መርዝ መሆኑ መታወቅ ስላለበት ይመስለኛል።

28 አጭር ናት፣ ጠርሙስህ ላይ ያለውን ዘይት በጂሲ ኤምኤስ (ውስጡ ምን ምን እንዳለ ለይቶ የሚያሳይ መሳሪያ) አስመርምረኸዋል ወይ። ተመሳሳይ ተክል በተለያየ አፈርና ወቅት የተለያየ ዘይት ይሰጣል፣ አንዱ ጦስኝ ቲሞል ሲበዛበት ሌላው ጭራሽ የለውም፣ ዛሬ የሠራው ነገ ላይሠራ ይችላል። አላስመረመርኩም።

29 ወደ ካምፓኒዎቹ ሴራ መለሰን። 30 አሜሪካን ምሳሌ አድርጎ መለሰለት፣ እዛ የሲትሮኔላ፣ የቅርንፉድ፣ የጦስኝ፣ የጠጅ ሳር ዘይት አነስተኛ ስጋት ያለባቸው ተብለው ከሙሉ ምዝገባ ነፃ ናቸው፣ የመግደልና የማባረር መረጃቸውን ማንም ሳያይላቸው ገበያ ይገባሉ፣ የተከለከሉት በሽታ አስተላላፊውን እቆጣጠራለሁ ብለው መለጠፊያው ላይ መጻፍ ነው። ማፈን ይሄ ከሆነ ማላላት ምንድነው አለ። እኔም የሴራዋን ነገር ከፖስቱ ሰረዝኳት።

31 እና 32፣ ኩባያዎቹ

31 ላይ 7 ተመለሰ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ዝም ብሎ። አሁን ግን አንድ መስመር አይደለም። መጀመሪያ አንድ ነገር አሳየኝ፣ ሳነበው ከወንበሬ ነው የተነሳሁት። ዩጂኖል ውሃ ውስጥ በሊትር ከ2 ግራም በላይ ይሟሟል። እኔ ኩባያው ውስጥ የጨመርኩት ዘይት በሊትር 60 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ያቺ የምወዳት ሰማያዊ የምታሳይ ጠብታ ኩባያው ውስጥ እንደገባች ትሟሟለች፣ እጩ ጋ የሚደርሰው የተሟሟ ዩጂኖል ነው፣ ናኖ የሚባል ነገር እዛ ውስጥ የለም። እንደ ሊሞኒን ያለ በሊትር 10 ሚሊግራም አካባቢ ብቻ የሚሟሟ ዘይት ቢሆን ኖሮ ጠብታው ትርጉም ነበረው። ናኖ ሲሆን ጉልበቱ ይጨምራል ያልኳት ነገር ትዝ ይላችኋል? ያዙልኝ ያልኳችሁ።

ከዛ በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ኩባያ አሰለፈልኝ። 5 ዓይነት፦ ውሃ ብቻ፣ ትዊን ያለበት ውሃ፣ ኤታኖል ያለበት ውሃ፣ በኤታኖል የተሟሟ ቅርንፉድ ያለ ናኖ፣ እና የኔ ናኖ። እያንዳንዱ 4 ኩባያ፣ በኩባያ 25 እጭ፣ 24 ሰዓት።

500 እጭ ነው። በጠብታ መምጠጫ አንድ በአንድ። ስትመጥጡት ይታጠፋል፣ ያመልጣል፣ 19 ላይ ስትደርሱ ሰው ይጠራችሁና ከ1 ትጀምራላችሁ። በማግስቱ ደሞ የሞተውን መቁጠር አለ፣ ተኝቶ ያለ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ታደርጉታላችሁ፣ ተፍጨርጭሮ ወደ ላይ ከወጣ አለ፣ ተንቀሳቅሶ መውጣት ካቃተው ከሞቱት ይቆጠራል። የመጀመሪያ ጊዜ ያንን አላደረግኩም፣ ከላይ አይቼ ነው ሞቱ ያልኩት።

32 የኔ ውጤት ነው። ከ100ው፣ ውሃ ብቻ 1፣ ትዊን 11፣ ኤታኖል 2፣ ቅርንፉድ በኤታኖል 84፣ ናኖው 88። መቆጣጠሪያው ላይ ከ5 እስከ 20 በመቶ ከሞተ አቦት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣት ቀመር ይስተካከላል፣ ከ20 በላይ ከሆነ ሙከራው ይጣላል። ናኖው ከ88 ላይ 11 ቀንሳችሁ ለ89 ስታካፍሉት 86.5 በመቶ መጣ። የኤታኖሉ በ5 ስር ስለሆነ ባይስተካከልም ይሆን ነበር፣ እኔ ግን አንድ ዓይነት ልኬት ይሁን ብዬ አስተካክዬው 83.7 ሆነ። ልዩነቱ ልዩነት አይባልም። ቅርንፉዱ ይገድላል፣ ናኖው ግን ለ24 ሰዓቱ ግድያ ይሄ ነው የሚባል ነገር አልጨመረም።

33 ዘለፈኝ። ሳታውቅ ሰው ታሳስታለህ፣ 30 መልስ ሙሉ ጊዜያችንን በላህ፣ ክሩ ይዘጋ አለ። ማን መለሰለት መሰላችሁ? 7። 34 ላይ፣ ደርቆ እንደለመደው፣ ውጤቱን ደብቆ ዝም ማለት ይችል ነበር፣ አልደበቀም፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ብሎ ተወው። 9 ወደደለት። አይ ዓለም።

ከ35 በኋላ

35 ጠርሙሱስ እንዴት ሆነ አለች። ሳምንት ሦስት ሆኖታል፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው። ሄጄ አየሁት። ያ ጠርቶ ሰማያዊ የሚያሳየው ፈሳሽ ወተት ሆኗል፣ ጠርሙሱን ሳዘነብለው ስሩ ላይ የዶሮ ዓይን የምታክል ቢጫ ጠብታ ትንከባለላለች። ፎቶ ለጠፍኩ።

36 የሆነውን አስረዳ፣ ኦስትዋልድ በሚባል ሳይንቲስት ስም ይጠራል። ትናንሾቹ ጠብታዎች ከትላልቆቹ ይልቅ ቶሎ ይሟሟሉ፣ የተሟሟው ዘይት በውሃው በኩል ሄዶ ትልልቁን ያወፍራል፣ ትንሹ እየጠፋ ትልቁ እየፋፋ ይሄዳል፣ ዘይቱ ውሃ ውስጥ በተሟሟ ቁጥር ደሞ ይፈጥናል፣ ዩጂኖል ደሞ ይሟሟል። ጭራሽ የማይሟሟ ሌላ የተክል ዘይት ጥቂት ብትቀላቅልበት ያዘገየዋል አለኝ። ዩጂኖልን አፍኖ ለማቆየት ግን ኢሙልሽን ሳይሆን ካፕሱል ነው የሚያስፈልግህ፣ ናኖው ዋጋ የሚኖረው እዛ ነው፣ በቆይታ ላይ። 37 አስታወሰን፣ ቢሳካልህም ይሄ ገና ምዕራፍ አንድ ነው፣ ከላብራቶሪ ቀጥሎ ትንሽ የመስክ ሙከራ፣ ከዛ ትልቁ አለ፣ ብዙው ጥናት ከመጀመሪያው አያልፍም።

38 ደሞ ፎቶውን አይቶ ወደ መልስ 2 መለሰን። ዘይት ይንሳፈፋል ብለህ አልነበር፣ ጠብታዋ ስር ምን ታደርጋለች? የቅርንፉድ ዘይት ከውሃ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ይሄን ሁሉ ሳምንት ቅርንፉድ እየያዝኩ፣ እየመጠጥኩ፣ አንዴ እንኳን ልብ አላልኩትም። 2 ራሱ መጥቶ ግድ የለም ብሎ ጻፈልኝ፣ አሁንም እርስዎ እያለ፣ እሱ 39 ነው።

40 የኔ ነው። ቅርንፉዱን በካይቶሳን ኳስ ውስጥ አድርጌ አዲስ ዙር ጀምሬያለሁ፣ ኩባያዎቹን በ1፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን አዲስ እጭ እየጨመርኩ እቆጥራለሁ፣ ጎን ለጎንም ናኖ ያልሆነው ቅርንፉድና ቢቲአይ አሉ። የመጀመሪያው ቆጠራ ሐሙስ ነው። 7 በውስጥ መስመር ከወዲሁ ጠይቆኛል፣ መቆጣጠሪያው ውስጥ ምን አለ ብሎ። ዘይት የሌለው ባዶ ካይቶሳን ኳስ፣ 4 ኩባያ።